የእቴጌዋ መርዶ

ጎፋ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመምህር ሁንዴሳ፣

የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ ቢወጣም ጭቃው ጎፋን አልለቀቀም፤ ከሱ በቀር የሚያስከፋን ነገር የለም። ከአጥራችን ማዶ እናትህ እማማ ቡዜም ደህና ናቸው። ቡሬዋ ላም ወልዳላቸው ትናንት እንገር ልከውልን በላን።

አሁን ወደ ቁጣህ ልምጣ። አዎ፣ የእቴጌዋ ቀሚስ ከኋላው ዚፕ አለው። ማን እንደነገረህም አውቃለሁ፤ በትያትርህ እቴጌ ሆና የምትጫወተው አማከለች ናት። ከሷ በቀር ይህን ያህል ወሬ በፖስታ የሚልክ የለም። "በጎንደር ዘመን ዚፕ አልነበረም" ብለህ ጽፈህላታል። እውነትህን ነው። ግን እሷ ከፋብሪካ ወጥታ እየሮጠች መጥታ ወዲያው ለብሳ መድረክ ላይ መቆም አለባት፤ በጎንደር ዘመን ደግሞ ፋብሪካም አልነበረም። ዚፑን በካባው ከልዬዋለሁ። ንግሥት እንደሆን ጀርባዋን ለሕዝብ አትሰጥም።

ካባው ከፋይ ነው፤ ከፋዩ ግን መጋረጃ ነበር። የማን መጋረጃ እንደነበር አትጠይቀኝ፤ ባለቤቴ ሙሄ ከመርካቶ ይዞት ሲመጣ እኔም አልጠየቅሁት። ዘውዱ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው። የሲጋራ ወርቃማ ወረቀት ለጥፌበት ከሩቅ ያስደነግጣል። የቀበሌያችን የኪነት ኃላፊ ጓድ ነጋ ሲያየው "ይኼ ነገር ከልክ በላይ አላማረም እንዴ?" አለኝ። ዘውድ ስላማረልኝ ልጠየቅ ነው! በትያትሩ መጨረሻም እቴጌዋ መሬቷን ለጭሰኞች ብታከፋፍል መልካም ነው ብሏል። እሱን አንተው ተሟገተው፤ እኔ መርፌዬን ነው የማውቀው።

ቀልዱን ልተወውና፣ ይህን ትያትር ጽፈህ ስለላክህልን አላህ ይስጥህ። ሰው ከስብሰባና ከሰልፍ ሌላ የሚያወራው ነገር አገኘ። እናትህ ልብሱን ስሰፋ አጠገቤ ቁጭ ብለው መርፌ ይይዙልኛል፤ አማከለች ቆርቆሮውን ስትጭን እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ወንድምህ ዋቅቶላ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ከሰኔ ጀምሮ ደብዳቤው ቀርቷል። እናትህም ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት እየሄዱ ፊደል ይቆጥራሉ፤ "የዋቅቶላን ደብዳቤ ለሰው ሳልሰጥ ራሴ አነበዋለሁ" ይላሉ። ላንተ ጽፎልህ እንደሆነ ንገረኝ።

እህትህ ዙሌካ

ደሴ፣ ኅዳር 5 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ ዙሌካ፣

ደብዳቤሽን አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ታዘቡኝ። የዚፑን ነገር ምሬሻለሁ። የትምህርት ቤት ሱሪዬን ከጋሼ ሙሄ የጨርቅ ቁርጥራጭ እየቀጠልሽ ስትሰፊልኝ የጨርቁ ቀለም አንድ ስላልሆነ ያለቀስኩብሽ ልጅ ነኝ፤ ያኔም "ከሩቅ አይታይም" ነበር ያልሽኝ። ያ ሱሪ ነው እዚህ ያደረሰኝ። ውለታሽን አልረሳሁም።

ለጓድ ነጋ ጽፌለታለሁ። እቴጌ ወለተ ሰንበት የመሬት አዋጅ አታውጅም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። በመጨረሻው ክፍል ልዑሉ ጦር ሜዳ ይወድቅና ሽማግሌዎች ለእናቱ መርዶ ይዘው ይመጣሉ። ለነሱም ካባ ልስፋላቸው ወይ ብለሽ በአማከለች ደብዳቤ አስጠይቀሽኛል። በፍጹም! መርዶ ነጋሪ አያጌጥም። እንደ ማንኛውም ሰው ነጠላቸውን ይዘቅዝቁ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገታቸው ይሁን። ሳይነጋገሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በማለዳ ይምጡ። ያነበብኩት ዜና መዋዕል ስለዚች ሴት ብዙ አይናገርም፤ ልጇ ወደቀ፣ መርዶው በማለዳ መጣ፣ አለቀሰች ይልና ወደ ነገሥታቱ ጉዳይ ያልፋል። ትያትሩን የጻፍኩት ለዚያች መስመር ስል ነው። ሕዝቡ በቆርቆሮው ዘውድ ይሳቅ፣ ደስ ይለኛል፤ በመርዶው ግን እንዳይስቅ። እዚያ ላይ ስሕተት ካለ ሴትዮዋን ሁለተኛ ቀበርናት ማለት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?

ዋቅቶላ ለኔም አልጻፈም። ላንቺ ብቻ የምነግርሽ፣ እሁድ እሁድ እዚህ ያለው ሆስፒታል እሄዳለሁ። ከግንባር የመጡ ቁስለኞችን የክፍለ ጦሩን ስም እየጠራሁ እጠይቃለሁ። ብርቱካን ይዤ ሄጄ ብዙ ወዳጅ አፍርቻለሁ፤ እሱን የሚያውቅ ግን አላገኘሁም። ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ከቁስለኛ መካከል እየፈለግሁት መሆኑን ከሰማች እንቅልፍ አይኖራትም።

ታናሽሽ ሁንዴሳ

ጎፋ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሁንዴሳ፣

እናትህ ደህና ናቸው። ይህን መስመር ደግመህ አንብበውና ከዚያ ወደ ታች ውረድ። ዋቅቶላም ላይ የደረሰ ነገር የለም፤ ቢያንስ የሰማነው ነገር የለም።

ያ የመርዶ ቴሌግራም ለምን እንደተመታልህ እኔ ልንገርህ። ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

የቀበሌው አዳራሽ ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት ስለሚያዝ ልምምዳችን እሁድ ጠዋት ከስብሰባ በፊት ነው። ላለፈው እሁድ ጓድ ነጋ ሁሉም ሰው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይምጣ ብሎ አዘዘ። መርዶ ነጋሪ የሚሆኑት አምስቱ ልጆች ገና ጎህ ሳይቀድ እኔ ቤት ለበሱ። ከበግ ጠጉር ጢም ሠርቼላቸው ነበር። በዚያ ጨለማ እኔ ራሴ የማውቃቸውን ልጆች "አባቶቼ ይቅደሙ" ልላቸው ምንም አልቀረኝም። ደስ ብሎኝ ተከትያቸው ወጣሁ። እናትህ ደጃፍ ስንደርስ የአንደኛው ነጠላ ተንሸራትቶ ጥለቱ ወደ ታች ዞሮ አየሁት። ያንተ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። "ቁሙ!" አልኩ። አምስቱም ቆሙ። የልጁን ነጠላ ዘቅዝቄ ሳስተካክል እማማ ቡዜ ላሟን ሊያልቡ በር ከፈቱ።

አስበው እስቲ። ከደጃፋቸው፣ በማለዳ፣ ነጠላ የዘቀዘቁ አምስት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው። እኔም ከነሱ ጋር። ልጆቹ ደግሞ ደንግጠው ዝም አሉ፤ መርዶ ነጋሪም ዝም ነው የሚለው። ከፋይ ለብሰው ቢሆን ኖሮ ትያትር መሆኑን ገና ከሩቅ ያውቁት ነበር።

የማለቢያው ዕቃ ከእጃቸው ወደቀ። "ያ ኢልማ ኮ! ልጄን! ዋቅቶላን!" አሉና መሬት ተዘረሩ። ጎረቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ እየጮኸ ወጣ። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ጡሩምባውን ይዞ እየሮጠ ነበር። "ትያትር ነው! ትያትር ነው!" ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ በመጨረሻ እኔም ተቀምጬ አለቀስኩ። ላንተ ቴሌግራም የመታው ጎረቤት እውነቱ ሳይጣራ ነው የሮጠው፤ ሁለተኛውን፣ "ውሸት ነው" የሚለውን፣ ሙሄ ነው የመታው።

እማማ ቡዜ አሁን ተኝተዋል። ሐኪም ልባቸው ደህና ነው ብሏል። ግን ከኔ ጋር አይነጋገሩም። ልምምዱ ቆሟል። ይቅር በለኝ ወንድሜ።

ዙሌካ

ደሴ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1975 ዓ.ም.

እትዬ ዙሌካ፣

ደግመህ አንብብ ያልሽኝን መስመር ስንቴ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። የመጀመሪያው ቴሌግራም ሲደርሰኝ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሁለተኛው እስኪደርስ የሆንኩትን ተማሪዎቼ ይንገሩሽ።

ይቅርታ የምትጠይቂው ምን አድርገሽ ነው? ጥለቱ ወደ ላይ ይሁን ያልኩት እኔ። በማለዳ ያልኩት እኔ። ዝም ይበሉ ያልኩት እኔ። ልጇ የዘመተባት እናት ካንቺ ጋር አጥር ለአጥር እንደምትኖር እያወቅሁ ከደሴ ሆኜ መርዶ ያቀናበርኩት እኔው ነኝ። ጋሼ ሙሄ ለሁለተኛው ቴሌግራም፣ አንቺም አጠገቧ ለመቀመጥሽ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል።

ትያትሩን አቁሙት። ከፋዩንም መጋረጃ አድርጊው።

ሁንዴሳ

ጎፋ፣ ጥር 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለመምህር ሁንዴሳ፣

አይቆምም። ይህን የምልህ እኔ አይደለሁም፤ እናትህ ናቸው።

በገና ማግስት ከጀሞ በኩል ጭድ የጫኑ አህዮች አስገብተው ሲያበቁ ቀጥ ብለው ወደ ቤቴ መጡ። ዱካ ወንበሬ ላይ ተቀመጡና ከፋዩን አንሥተው ዳሰሱት። ከዚያ እንዲህ ተባባልን።

"ያቺ እቴጌ ልጇ ሞተባት?"

"አዎ እማማ ቡዜ። ሁንዴሳ ከታሪክ አንብቦት ነው።"

"አልቅሳ ቀረች?"

"አልቅሳ ቀረች።"

ከፋዩን አስቀመጡት። "እኔ ጋ ያ ማለዳ ደጃፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ" አሉኝ። "የምድርን ሽታ ረስቼው ነበር፤ ወድቄ አሸተትኩት። ከዚያ ውሸት ነው ሲሉኝ እግዜር እንደዚያ ቀን ደስ አሰኝቶኝ አያውቅም። አንቺን የተቆጣሁሽ አፍሬ ነው እንጂ ውስጤስ ያመሰግንሽ ነበር። ለሷም ይመለስላት። ለልጄ ጻፊለት፣ እናትህ ለእቴጌዋ መርዶ አታርዱ ብላለች በይው።"

እንግዲህ ጻፍኩልህ። ታሪኩ እንደዚያ አይደለም ትለኛለህ፤ አውቃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለኸኝ ነበር፤ ንጋቱንስ አየነው! እኔ እንደሆን ያልተማርኩ ነኝ፤ ሰው ታሪክ ከሚማርበት ይልቅ ቤቱ ሲመለስ ደስ ብሎት የሚተኛበት ትያትር ይሻለኛል። ላንተ ደግሞ ያ የሞተ ልጅ ሞቶ ካልቀረ ውሸታም የሆንክ ይመስልሃል። ሁለታችንም እንደየልባችን እንሁን፤ ለእናትህ ግን አንተው መልስላቸው።

እህትህ ዙሌካ

ደሴ፣ ጥር 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ ዙሌካ፣

የዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። ሦስቴ "አይሆንም" ብዬ ጽፌ ቀደድኩት።

ተማሪዎቼን ያልሆነውን ሆነ አትበሉ እያልኩ ነው የምውለው። ያቺ ሴት አልቅሳ ቀርታለች፤ እኛ ደስ እንዲለን ብለን ልጇን ከሞት ብናስነሣው እንባዋን መስረቅ መስሎ ተሰማኝ። ይኸን እያሰብኩ ባለፈው እሁድ ሆስፒታል ሄጄ አንድ ዓይኑ የታሰረ ልጅ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስለ ትያትሩ ነገርኩት። "መጨረሻው እንዴት ነው?" አለኝ። ልጁ ይሞታል ልለው አፌን ከፍቼ አቃተኝ። "ይመለሳል" አልኩት። ብርቱካኑን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ። እማዬ ያለችው ያኔ ገባኝ።

አዲሱ ክፍል ከዚህ ጋር አለ። ሽማግሌዎቹ ይቀራሉ፤ አንድ ፈረሰኛ "የምስራች!" እያለ ይገባል፣ እቴጌዋ የእጇን አምባር አውልቃ ትሸልመዋለች። እቴጌ እንደኛ ሰፈር ሰው "ምስር ብላ" አትልም፤ እባክሽ አማከለችን ንገሪያት። የእጅ ሰዓቷንም ታውልቅ። አንድ ነገር ብቻ እንዳትሰርዙብኝ፤ ትያትሩ ሳይጀመር ጓድ ነጋ ወጥቶ "ታሪኩ እንዲህ አላለቀም፤ እኛ ግን እንዲህ እንዲያልቅ ተመኝተናል" ይበል። ይህችን ካለልኝ ለዚያችም ሴት ለእናቴም ቃሌን ጠበቅሁ።

ቆጣ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ካንቺ ሌላ የሚቆጣኝ ታላቅ እህት የለኝም።

ሁንዴሳ

ጎፋ፣ የካቲት 30 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለመምህር ሁንዴሳ፣

ዚፑ ተበጠሰ። ደስ ይበልህ።

አማከለች ከዙፋኗ ስትነሣ ጠረረረ አለ። ካባው ደግሞ ወንበሩ ላይ ተይዞ ቀረ። ጀርባዋን ለሕዝብ ላለመስጠት ብላ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ወደ ጎን እየሄደች የቀረውን ሁሉ ተናገረችው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። የእጅ ሰዓቷንም አላወለቀችም፤ ከውድ ነገር ላይ ዓይኗን አታነሣም። ላንተ ስል አፈርኩ፤ ለራሴ ስል ግን እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ጓድ ነጋ ያልከውን ቃል አንድም ሳያስቀር አለው። የመሬት ክፍፍሉንም ረሳው።

እናትህ ከፊት ወንበር ነበሩ። አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ጥለቱ ወደ ታች። እቴጌዋ ልጇን ስትጠብቅ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ከዚያ ፈረሰኛው ገብቶ "የምስራች!" አለ። አማከለች አምባሯን ለማውለቅ ገና እጇን ስታነሣ እናትህ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው "ምስር ብላ!" አሉት። አዳራሹ በሙሉ ተከትሎ "ምስር ብላ!" አለ። እልልታው ቄራ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አማከለች ቀልቧ ጠፍቶ አምባሩን ለፈረሰኛው በመስጠት ፋንታ መድረኩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከጻፍከው ሁሉ ያማረው ያልጻፍከው ነው።

ሲወጡ ምን አሉ ትለኝ ይሆናል። "ልጄ ጥሩ ውሸት ይችላል፤ ይባረክ" ነው ያሉት። እኔም አሜን ብያለሁ።

እህትህ ዙሌካ

ደሴ፣ መጋቢት 17 ቀን 1975 ዓ.ም.

እትዬ ዙሌካ፣

ተገኘ! በሕይወት አለ!

እሁድ እንደ ልማዴ ብርቱካኔን ይዤ ስገባ ከሌላ ሆስፒታል የተዛወሩ ቁስለኞች ከመኪና ሲወርዱ ደረስኩ። ስም እየጠራሁ ልጠይቅ ስል አንዱ ከኋላዬ "ሁንዴ፣ አሁንም ጮክ ብለህ ነው የምትናገረው" አለኝ። ዋቅቶላ ነበር። ብርቱካኑ የት እንደወደቀ አላውቅም።

ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ለምን አልጻፍክም አልኩት። "ምን ብዬ?" አለኝ። ሌላው አካሉ ደህና ነው። ከፋሲካ በኋላ ይሰናበትና ይዤው እመጣለሁ።

ለእማዬ አንቺ ንገሪያት። ግን እባክሽ፣ በማለዳ እንዳትሄጂ። ምሳ ሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን ሂጂ። ነጠላ ከደረብሽ ጥለቱ ወደ ታች ይሁን፤ ገና ከሩቅ ስትታዪ ሳቂ፤ ዝም ብለሽ ደጃፉ ላይ እንዳትቆሚ፤ ከመንገድ ጀምረሽ "የምስራች!" እያልሽ ግቢ። እዚህ ላይ ስሕተት እንዳይኖር። እግሩን ግን አትንገሪያት። ሲመጣ ታየዋለች፤ እስከዚያው ትያትሩ እንዳለቀው ይሁንላት።

እንዴት እንደማመሰግንሽ አላውቅም። ለሁሉም ነገር ነው፤ ለዚፑም ጭምር።

ሁንዴሳ

ጎፋ፣ መጋቢት 27 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሁንዴሳ፣

እንዳልከኝ አደረግሁ። ምሳ ሰዓት፣ ከነሳቄ፣ "የምስራች!" እያልኩ። ከመንገዱ ጫፍ ጀምሬ ስለጮህኩ ሰፈሩ ከኔ ቀድሞ ግቢያቸው ደረሰ።

እናትህ ለላሟ ጭድ እየሰጡ ነበር። ሁሉን ነገርኳቸው። በሕይወት አለ፣ ሁንዴሳ አጠገብ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ይመጣል። ሴቱ እልል አለ። እሳቸው ግን "ምስር ብዪ" አላሉም። አጠገቤ መጥተው ፊቴን አዩኝ።

"ትያትሩ ላይ ልጁ ሙሉ ሆኖ መጣ" አሉኝ። "ያ ትያትር ነው፣ ሊያስደስተን ነው። የኔው እውነት ከሆነ ምኑ ጎደለ?"

ወላሂ፣ አልነግራቸውም ብዬ ነበር የሄድኩት። ግን እንደዚያ ሲያዩኝ ውሸት ከየት ላምጣ? "ግራ እግሩ፣ ከጉልበቱ በታች" አልኩ።

እልልታው ቆመ። እማማ ቡዜ ዞረው ያን ማለዳ የወደቁበትን ደጃፍ አዩት። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው "ቀሪው ሁሉ የኔ ነው። ምስር ብዪ!" አሉኝ። በአፍ ብቻ አይደለም፤ ምስሩን ሠርተው ከግቢው ሙሉ ሰው ጋር አበሉኝ። ፈጣሪን እንደዚያ ቀን ያመሰገንኩበት ጊዜ የለም።

ማታ የዋቅቶላን ጥቁር ሱሪ ይዘውልኝ መጡ፤ ያን ለበዓል የሚለብሰውን። ግራ እግሩን እንዳሳጥረው ነው። "እየተንጠለጠለ ሰው እንዳያየው" አሉ። እንግዲህ ሁለት ነገር ላስቸግርህ። አንደኛ፣ ዋቅቶላ ራሱ ይጻፍላቸው፤ ፊደሉን ጨርሰዋልና ምንም ቢጽፍ ያነቡለታል። ሁለተኛ፣ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱም እስከ ቀረው ድረስ በደንብ ለክተህ ላክልኝ። ለእቴጌዋ በግምት ነው የሰፋሁላት፤ የሱ ግን በልኩ መሆን አለበት።

እህታችሁ ዙሌካ